ሻግዳር ሰዓት የተናገረ ዕለት

በሻግዳር መኪና የተሳፈረ ሰው ቢያስመልሰው ችግር የለም። ቢዘፍን፣ ከጎረቤቱ ጋር ቢጨቃጨቅ፣ የበግ ግልገል ታቅፎ ቢገባም ይታለፋል። «መቼ እንደርሳለን?» ያለ ሰው ግን ጉዱ ፈላ። ሻግዳር ፍጥነቱን ይቀንስና ጠያቂውን በመስታወቱ ፈልጎ፣ ዓይን ለዓይን ከተጋጠሙ በኋላ፣ «ወርደህ ተራራውን ጠይቀው፤ እሱ ከእኔ በፊት ነው እዚህ የነበረው» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ማንም ትንፍሽ አይልም።

ነገሩ የእሱ አመል ብቻ አይደለም። እኛ ዘንድ መንገድ የጀመረ ሰው የሚደርስበትን ሰዓት አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ ሌላውም አይጠይቀውም። ከእኛ ከሆቭድ እስከ ዋና ከተማው ኡላንባታር አንድ ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ይህንን ልጅም ይናገረዋል፤ ርቀት የታወቀ ነገር ነው፤ ነገም እዚያው ነው። ሰዓቱ ግን የሾፌሩም የተሳፋሪውም አይደለም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መንገዱ ከሰማ ይቀየማል። የዘንድሮ ልጆች ስልካቸው ላይ ካርታ ከፍተው ደቂቃ ሲቆጥሩ አያለሁ። ይቁጠሩ! እኔ ግን አብሬያቸው አልሳፈርም።

ሻግዳርን ይህን ያስተማረው ዳምባ የሚባል አሮጌ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሻግዳር ገና ወጣት ረዳት ሳለ ከዋና ከተማ የመጣ አንድ ባለሥልጣን አሳፍረው ነበር። ሰውዬው ምሳ ሳይደርስ ሦስት ጊዜ «መቼ?» አለ። ዳምባም ቢሰለቸው ጊዜ «ነገ ማታ!» ብሎ መለሰለት። ፀሐይ ሳትጠልቅ የመኪናው የኋላ እግር ብረት ተሰበረ። ባለሥልጣኑ ለዘመዶቹ የያዘውን ከረሜላ እየበሉ አራት ቀን ተራራ ላይ ከረሙ። ዳምባ ከዚያ ወዲህ ለገዛ ሚስቱ እንኳ ሰዓት ሳይነግር ሞተ።

ሻግዳር ሚስቱን ዶልጎርን ያገኘውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ከከተማ ወደ ሆቭድ አሥራ አንድ ሰው ጭኖ ሲመለስ ከመሃላቸው አሥሩ ጠይቀው ተገሥጸዋል። አንዲት ልጅ ብቻ ከኋላ ወንበር ጥግ ይዛ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ ሁለቱን ቀን ዝም እንዳለች ደረሰች። «ይቺ የሰው ልጅ ናት» አለ ሻግዳር፤ በበጋው ሽማግሌ ላከ። ከሠርጉ በኋላ ዶልጎር እውነቱን ነገረችው።

«እኔማ ልጠይቅ ነበር! አፌን ብከፍት ቁርሴ ስለሚወጣ ነው እንጂ!»

ይህን በየሠርጉ ታወራዋለች፤ ሻግዳርም በየጊዜው እንደ አዲስ ይስቃል። ከዚያ በኋላ ግን በእውነት ጠይቃው አታውቅም። ሲሄድ ከደጃፍ ቆማ መንገዱ እንዲቀናው በጭልፋ ወተት ከኋላው ትረጫለች፤ መኪናው ከዓይን ሲጠፋ ወደ ሥራዋ ትገባለች። አንዳንዴ በአራት ቀን፣ ክረምት ሲከፋ በአሥር ቀን ይመለሳል። የሞተሩን ድምፅ ከድልድዩ ማዶ ስትሰማ ጨው ያለበትን የወተት ሻይ እሳት ላይ ትጥዳለች። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ባለፈው ክረምት ዶልጎር ውኃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ ቁጭ ማለት ጀመረች። ሐኪሞቹ ሲመረምሯት ከልቧ በሮች አንዱ በደንብ እንደማይዘጋ አወቁ፤ ሆቭድ ላይ የሚሠራ ሥራ አይደለም አሉ። ኡላንባታር ፀጉር ቤት ያላት ልጃቸው ኡያንጋ መጥታ በአውሮፕላን ወሰደቻት። በሻግዳር መኪና የሁለት ቀን መንገድ ያስመልሳት የነበረች ሴት በማግስቱ ስትደውል ድምፅዋ የሠርግ ቤት ድምፅ ነበር።

«አንተ ሽማግሌ፣ ሻይ ሰጡን። አጠገቤ ከተቀመጠችው ሴትዮ ጋር የልጆቻችንን ወሬ ሳንጨርስ ውረዱ አሉን!»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ» አለች ኡያንጋ ከጎን። ደርሰው ስላበቁ መናገሩ ነውር የለውም።

ሻግዳር «እሰይ፣ እንኳን ደህና ገባችሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ግን ከፋው። ሠላሳ አራት ዓመት ወገቡን የጨረሰበት መንገድ ለአንድ ኩባያ ሻይና ለግማሽ ወሬ እንኳ አልበቃም። ወጥቶ የመኪናውን ጎማ ያለ ምክንያት በእግሩ መታ መታ አደረገ።

እሱ የቀረው ፍየሎቹ የሚወልዱበት ወቅት ስለሆነ ነው። ቀዶ ጥገናው ለሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተቆረጠ። ዶልጎር ያን ቀን ስትደውል አልቀለደችም።

«ሳልገባ ፊትህን ልየው። ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ፊትህን አይቼ ልግባ።»

«ታዪዋለሽ» አላት።

መቼ እንደሚመጣ አልጠየቀችውም።

ኡያንጋ የረቡዕ አውሮፕላን ትኬት ቆረጠችለት። ሻግዳር ፍየሎቹን ለወንድሙ አስረክቦ፣ አዲሱን ዴሉን፣ በመቀነት የሚታሰረውን ረጅም ካባ፣ ለብሶ፣ በገዛ መኪናው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደ። በዚያው አውሮፕላን የሚሄደው ጎረቤቱ ባትሱክ አብሮት ነበር። ባትሱክ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ስብሰባ እያለ በየወሩ ስለሚበር ስለ አውሮፕላን ሲያወራ የራሱ ንብረት ይመስለዋል። የጸደይ ነፋስ ከጠዋቱ ጀምሮ አሸዋ ያነሣ ስለነበር ተራራው አይታይም። ከትኬት መስኮቱ ኋላ ያለችው ልጅ ሻግዳርን አወቀችው፤ አባቷን ስንት ጊዜ ጭኖታል።

«ጋሼ፣ አውሮፕላኑ ገና ከኡላንባታር አልተነሣም። ግን አይሂዱ፣ ነፋሱ ጋብ ይላል ብለዋል፤ ዛሬውኑ በ...»

«አትጨርሺ!» አለ ሻግዳር እጁን ዘርግቶ።

«ኧረ ልንገርዎት ብዬ ነው፤ በ...»

«እኔም እንዳትነግሪኝ ብዬ ነው! የአባትሽን ቤት እንዲህ ነው የምታስጠሪው? ገና ያልተነሣን ነገር መድረሻ ትቆርጪለታለሽ?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ልጅቷ ቀልታ ወደ ኮምፒዩተሯ ዞረች፤ ልትል የነበረውንም ዋጠችው። ሻግዳር በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። የሚበረው የለም፤ የሚንፏቀቀው ግን በር ላይ ቆሟል፣ ነዳጁም ሙሉ ነው። ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ።

«ሰውዬ፣ አበድክ?» አለ ባትሱክ እየተከተለው። «ሃያ ሰዓት ሙሉ...»

«ቁጥር አትጥራብኝ!»

«በል እንግዲህ፣ ዳምባን ሰላም በልልኝ።»

«አንተም ክንፍህን ጠብቅ» ብሎት ሞተሩን አስነሣ።

እውነቱን ለመናገር መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም። እስከ ከተማ ድረስ አስፋልት ነው። የሻግዳር የሩሲያ ቫን ግን እንደ ድሮዋ ናት፤ ቢቆጧትም ቢለምኗትም ከራሷ እርምጃ አታልፍም። ቴርሞሱን በጉልበቱ መሃል አድርጎ፣ የደረቀ አይብ ጉንጩ ውስጥ ከትቶ፣ ለተራራው መንፈስ ድንጋይ ተከምሮ ሰማያዊ ጨርቅ የታሰረበትን ቦታ ባለፈ ቁጥር ሦስቴ ጡሩምባ እየነፋ ነዳ። ልቡ ደህና ነበር። የዶልጎርን ፊት ለማየት ከመሄዱ በቀር፣ የእንጀራው መንገድ ነውና ለሻግዳር አዲስ ነገር የለውም።

አልታይ ከተማ ሳይደርስ ነፋሱ በረደ፤ ሰማዩም ጠራ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወርዶ የጎማ ብሎን ሲያጠብቅ ከወደ ሆቭድ ድምፅ ሰማ። አውሮፕላን ነበር። በስተሰሜን በኩል አብረቅርቆ አለፈ፤ ወደ ኡላንባታር ነው። ሻግዳር ብሎን መፍቻውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየው። በመጀመሪያ «የሌላ አገር ይሆናል» አለ፤ ግን ራሱም አላመነም።

አልታይን አልፎ ነዳጅ ሲቀዳ ስልኩ ጮኸ።

«ሻግዳር! የት ደረስክ... ይቅርታ፣ መንገድ እንዴት ነው?» አለ ባትሱክ።

«ደህና ነው።»

«እኔ ኡላንባታር ትኩስ የሥጋ ቡዝ እየበላሁ ነው። ወንበርህ ባዶ ነበር፤ ቦርሳዬን አስቀመጥኩበት። ያቺ ልጅ እኮ 'በአሥር ሰዓት ይመጣል' ልትልህ ነበር! ልክ በአሥር ሰዓት መጣ!»

ሻግዳር ስልኩን ዘጋ። አፉ ውስጥ ያለው አይብ መረረው። ልጅቷን ቢያስጨርሳት ኖሮ አሁን የዶልጎር አልጋ አጠገብ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ነዳጅ ቀጂው «ጋሼ፣ አሞዎት ነው?» ቢለው፣ «የለም፣ ደደብ ሆኜ ነው» አለና ገንዘቡን ሰጥቶ ሄደ። ሌሊቱን ሁሉ ሲነዳ አደረ፤ እንቅልፍ ሲመጣበት ይዘፍናል፣ ዘፈን ሲያልቅበት ራሱን ይሰድባል።

የአርቫይሄርን ከተማ ካለፈ ቆይቶ ፀሐይ ወጣች። ኡያንጋ ደወለች።

«አባዬ፣ መንገድ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። እናትሽስ?»

«ደህና ናት። ፀጉሯን አበጥሬላታለሁ። አባዬ... ሐኪሟ አንድ ነገር አለች።»

«ምን አለች?»

ኡያንጋ በዚያ ቤት ያደገች ልጅ ናት፤ ጥያቄው ከአፏ አልወጣ አላት።

«እስከ አራት ሰዓት ልጠብቅላት እችላለሁ ብላለች። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ለሌላ በሽተኛ ነው። ግን እርግጡን ካላወቅሁ በሦስት ሰዓት አስገባታለሁ አለች። እና... አባዬ፣ ሰዓቱን ልንነግራት ነው።»

«የቱን ሰዓት?»

«አባዬ፣ ታውቃለህ የቱን።»

«ቆይ» አላት። መኪናዋን ከመንገድ አውጥቶ አቆመ። ሰዓቱን ያውቀዋል፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በልቡ ያውቀው ነበር፤ ባለሙያ ሾፌር እኮ ነው፤ ያልነበረው መናገር ብቻ ነው። ትናንት አላዳምጥም ብሎ አውሮፕላን አመለጠው። ዛሬ አልናገርም ቢል ዶልጎር ፊቱን ሳታይ ትገባለች። ቢናገር ደግሞ ዳምባ የተቀበረው ከአሥር ዓመት በፊት ነው፣ የተሰበረው ብረት ግን ዛሬም በዓይኑ ላይ ነው።

ወርዶ ከአስፋልቱ ራቀ። ሣር ለሣር ሄዶ ሄዶ መኪናዋ ስታንስ ጀርባውን ሰጣት። አልሸሹም ዞር አሉ ይሏል ይህ ነው። መንገድ ላይ የሌለ ሰው ቢናገር ምን አለበት ብሎ ራሱን አታለለ፤ ስልኩን በእጁ ከልሎ በሹክሹክታ «አራት ሰዓት» አለ።

«ምን አልክ አባዬ?»

«አራት ሰዓት ሳይሞላ! ሁለተኛ አልልም!»

ተመልሶ ሲገባ መሪዋን ዳበስ አድርጎ፣ «አልሰማሽም» አላት።

ጎማ አልፈነዳም። ሞተር አልሞቀም። ፍየል እንኳ መንገድ አላቋረጠችም። ሻግዳር ደስ ሊለው ሲገባ ይልቅ ጠረጠረ፤ የመንገዱ ዝምታ የተንኮል መሰለው። ከተማው ጫፍ ሲደርስ ገና ከግማሽ ሰዓት በላይ ነበረው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ኡላንባታር በጠዋት ገብቶ የሚያውቅ ሁሉ ይገምተዋል። ያን ሁሉ በረሃና ተራራ ያለፈው ሰው ሆስፒታሉ ጣራ በሚታይበት ቦታ ላይ በመኪና ብዛት ታንቆ ቆመ። ፊቱ መኪና፣ ኋላው መኪና፣ ሁሉም ጡሩምባ ይነፋል። ሻግዳር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

«አባቴ፣ እዚህ መኪና አይቆምም!» አለው ትራፊክ ፖሊሱ።

«እኔ አላቆምኳትም። ከተማችሁ ነው ያቆማት።» ቁልፉን ፖሊሱ እጅ ውስጥ ጥሎ ሮጠ።

ሩጫው የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ሩጫ ነው። ሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት አራት አልፏል። ኡያንጋ ከደረጃው አናት ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«ገባች?» አላት ሻግዳር፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«አልገባችም።»

«እና ምን ያስለቅስሻል?»

«የደም ግፊቷ ወጣ፣ አባዬ። በአንተ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኡያንጋ እናቷን ደስ ላሰኛት ብላ፣ «አባዬ አራት ሰዓት ሳይሞላ እደርሳለሁ ብሏል» አለቻት። ዶልጎር ነጣች። «ማን? ሻግዳር? በአፉ?» አለች። «አዎ እማዬ፣ በአፉ።» «በቃ፣ ሰውዬው ሊሞት ነው» አለችና ዓይኗን ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ላይ ተከለች። ነርሶቹ ቢያባብሏት አልሰማችም። አራት ሰዓት ሲሞላ ተነሥታ ቁጭ አለች። ሊወስዷት ሲመጡ መለኪያው ያሳየውን ቁጥር ሐኪሟ አይታ፣ «ዛሬ ይቺን ሴት ቢላዋ አላስነካትም» አለች። ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ሻግዳር በሩን ሲከፍት ዶልጎር አየችው። ከአናቱ እስከ እግሩ አየችው። ከዚያ የጨርቅ ጫማዋን አንሥታ ወረወረችበት፤ በሩን መታው።

«ምን ቆርጦህ ነው ሰዓት የምትናገረው!»

«ላይሽ ብዬ ነው» አለ ሻግዳር።

«አሥር ቀን ስትቀር አልቅሼ አውቃለሁ? በረዶ ሲዘጋብህ፣ ወንዝ ሲሞላብህ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳልተኛ አድሬ አውቃለሁ? ሰዓት ስላልነበረህ እኮ ነው! ሰዓት የሌለው ሰው አይዘገይም! ዛሬ ሩብ ሰዓት ዘገየህ፣ እኔ ሩብ ሰዓት ሙሉ ቀበርኩህ!»

«ዶልጎር...»

«ሁለተኛ እንዳትነግረኝ! ዝም ብለህ ና! ሁልጊዜ እንደምትመጣው ዝም ብለህ ና!»

አለቀሰች። እሱም አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ዴሉ አቧራ እንደሆነ፣ አለቀሰ። ሐኪሟ ገብታ ሁለቱንም ተቆጣች፤ በሆስፒታሉ ውስጥ ጫማ መወርወር ለልብ በሽተኛ እንደማይፈቀድም ነገረቻቸው። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«የእኔም አባት ሾፌር ነበር። መጠየቅ አልነበረብኝም» አለች። «ሰኞ እናደርገዋለን። እስከዚያ ድረስ ከአጠገቧ አይነሡ።»

ሻግዳርም አልተነሣም። መኪናዋን ባትሱክ ከፖሊስ አስለቅቆ ኡያንጋ ደጅ አቆመለት፤ ቁልፉን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሲያስረክበውም ስለ አውሮፕላን አንድ ትምህርት ሰጠው፤ ሻግዳር ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አዳመጠው። ከዚያ ወደ አልጋው ጎን ተመለሰ። ከሐሙስ እስከ ሰኞ የሚሄድበት አገር፣ የሚጭነው ሰው፣ የሚያጠብቀው ብሎን አልነበረውም። ዶልጎር ካርታ ስትጫወት እንደምታጭበረብር ያወቀው ያኔ ነው። በእንቅልፏ የምታወራውም ስለ በጎች እንደሆነ ሰማ። ከሰዓት በኋላ ሬድዮ ላይ የሚተረክ ታሪክ አላት፤ ዘጠኝ ዓመት ተከታትላዋለች፤ እሱ ስለ መኖሩ አልሰማም ነበር። «ይሄኛው ማን ነው?» እያለ ሲጠይቃት ትበሳጫለች፣ ግን ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግረዋለች።

ሰኞ ገባች፤ በደህናም ወጣች። ዘንድሮ ሆቭድ ውስጥ ሐብሐቧን እያጠጣች ነው። ሻግዳር ግን ሰው ስለዚያ ሳምንት ሲጠይቀው ስለ ሰኞ አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ እሑድ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እግሯን ጭኑ ላይ አድርጋ ተኝታ ነበር። ኡያንጋ ወደ ፀጉር ቤቷ ሄዳለች፤ የሬድዮው ታሪክ አልቋል። ሻግዳር ፖም እየላጠ ያጎርሳታል፤ ልጣጩን ደግሞ እሱ ይበላል።

«አንተ ሽማግሌ» አለች ዶልጎር።

«አቤት።»

«አራት ቀን ሆነህ እኮ። አልሄድክም።»

«አልሄድኩም።»

«ከተጋባን ጀምሮ አራት ቀን በተከታታይ አጠገቤ ተቀምጠህ ታውቃለህ?»

ሻግዳር ፖሙን ይዞ አሰበ። ክረምቱን አሰበ፣ በጋውን አሰበ፣ ኡያንጋ የተወለደችበትን ሳምንት አሰበ፤ ያን ጊዜ አልታይ ላይ ነበር።

«አላውቅም» አለ።

ዶልጎር ጣራውን እያየች ፈገግ አለች።

«ይህን ባውቅ ኖሮ ግፊቴን ድሮ ነበር የማስነሣው» አለች።

ሻግዳር መሳቅ ጀምሮ ተወው። እግሯን ጭኑ ላይ ወደ ራሱ ጠጋ አድርጎ ሌላ ፖም መላጥ ጀመረ።